ያልተራገፈ አመድ

የአሰላ ወጣቶች የትግል ማኅበር እንዴት እንደ ተጀመረ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ታሪኩን የሚጀምረው ከዱላ ነው። ጠላት ከወጣ በኋላ ባሉት ዓመታት የላይ ሰፈርና የገበያ በር ልጆች በየበዓሉ እየተፈናከቱ፣ አንዱ ጥርሱን አንዱ ዓይኑን እያጣ ቢያስቸግሩ፣ አናጺው አቶ ወልደጻድቅ ሁለቱን ወገን ሰብስበው ገብሱ ተወቅቶ ወደ ተነሣበት አውድማ ወሰዷቸው። «ዱላ ደም ያቃባል። ጉልበት የተረፈው ካለ ይያያዝ፤ መሬት ዳኛ ናት» አሏቸው። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ጥር ላይ፣ አውድማው ባዶ ሲሆን፣ የአሰላ ልጆች ይታገላሉ።

ሕጉንም ያወጡት እሳቸው ናቸው። ትግሉ ከመጀመሩ በፊት አውድማው ላይ አመድ ይነሰነሳል። ጀርባው አመድ የያዘ ሰው ወድቋል፤ አልወደቅሁም ብሎ ክርክር የለም። የወደቀው ተነሥቶ ጀርባውን ለጣለው ይሰጣል። የጣለውም በገዛ መዳፉ ከትከሻው እስከ ወገቡ አመዱን ያራግፍለታል፤ እያራገፈም «ነገ የእኔ ነው» ይለዋል። ይህ ሳይሆን የወደቀው ሸሚዙን አያጥብም፣ ዳግመኛም ወደ ክቡ አይገባም። የሚቀጥለው ዓመት አመድ ደግሞ በመጨረሻው ትግል ከወደቀው ልጅ እናት ምድጃ ይመጣል። ይህ ክብር ነበር። አመድ ያመጣች እናት ከሽማግሌዎቹ አጠገብ በርጩማ ይሰጣታል።

አንድ ሕግ ግን ከሁሉም ይከብድ ነበር። አሸናፊውን «አራግፍለት» ብሎ ማስታወስ ነውር ነው። አቶ ወልደጻድቅ «በሰው ምክር የተራገፈ አመድ ተመልሶ ይቀመጣል» ይሉ ነበር። ቢዘገይ ቢዘገይ እስከሚቀጥለው ቅዳሜ ይጠበቃል፤ ከዚያ ያለፈ አይቆጠርም። በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ከዚያ ያለፈ አልነበረም።

ኃይለመስቀል ይህን ሕግ ከአባታችን ሆይ እኩል ያውቀዋል። አያቱ ከሸዋ መጥተው መሬት ተሰጥቷቸው እዚህ ከሰፈሩት አንዱ ነበሩ፤ እሱ ግን ወፍጮ ቤት ነው የሚሠራው። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ሰው ሰላም ሲለው መሬት መሬት የሚያይ ልጅ ነው። አፉን የሚፈታው ከጉቱ ጋር ብቻ ነበር። ጉቱ ጋሪ ነጂ ነው፤ እህል ጭኖ ወፍጮ ቤት ሲመጣ ሁለቱ ጆንያ ላይ ተቀምጠው ቆሎ ይቆረጥማሉ። ትግልንም አብረው ነው የተማሩት።

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ዓ.ም. ጥር ላይ ለመጨረሻው ትግል የቀሩት እነሱ ሁለቱ ሆኑ።

«ዛሬ እህሉን ትተን አንተን ነው የምንፈጭህ» አለ ጉቱ፣ መታጠቂያውን እያጠበቀ።

«ፈረስህን ይዘህ ነው ወይስ ብቻህን?» አለ ኃይለመስቀል።

«ፈረሴ ካንተ ጋር አይታገልም። ዱቄት ያስነጥሰዋል።»

ሰው ሣቀ። ተያያዙ። ጉቱ ከባድ ነው፤ ወገብ ከያዘ አይለቅም። ኃይለመስቀልን ሁለቴ ከመሬት አነሣው፤ ሁለቴም እንደ ድመት በእግሩ ቆመ። በሦስተኛው ጉቱ ሊያነሣው ሲል ኃይለመስቀል ከውስጥ እግሩን ጠለፈውና ክብደቱን ሁሉ ደረቱ ላይ ጣለ። ሁለቱም ወደቁ፤ ከታች የነበረው ጉቱ ነው። አመዱ ቡን አለ።

ጉቱ እየሣቀ ተነሣ። እንደ ሕጉ ዞሮ ጀርባውን ሰጠው። ነጭ ሸሚዙ ከትከሻ እስከ ወገብ ግራጫ ሆኗል። ኃይለመስቀል መዳፉን ዘረጋ። ልክ በዚያን ጊዜ ከአውድማው ዳር የመኪና ጥሩንባ ተሰማ። ለሥራ ጉዳይ ሲያልፉ ትግሉን ቆመው ያዩ አንድ ሹም ነበሩ። ዘበኛቸው ሕዝቡን እየገፋ መጣና «አንተ፣ ጌታው ይጠሩሃል፤ ቶሎ በል» አለው።

ሹም ቆሞ አይጠብቅም። ኃይለመስቀል ከልጅነቱ የተማረው ይህንን ነው። የተዘረጋው እጁ ታጠፈ።

«መጣሁ» አለው ለጉቱ።

ሹሙ ስሙን ጠየቁት፤ የአባቱን ስም፣ የአያቱንም ስም። ላቡ እየተንጠባጠበ መለሰ። «ጎበዝ ነህ» አሉና ከመኪናው ውስጥ አንድ የካኪ ኮት አውጥተው አለበሱት። ዕልልታ ሆነ። ልጆች መጥተው በትከሻቸው ተሸከሙት። ከሰው ራስ በላይ ሆኖ አንዴ ዞር ብሎ አየ። ጉቱ አውድማው መሐል ጀርባውን እንደ ሰጠ ቆሟል። አውርዱኝ ሊል አስቦ ተወው። እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ድረስ እየዘፈኑ ወሰዱት። ሲመለስ አውድማው ላይ ማንም አልነበረም።

በሳምንቱ ቅዳሜ ማኅበሩ እንደ ልማዱ ተሰበሰበ። ጉቱ ያንኑ ሸሚዝ ለብሶ መጣ። ጋቢውን አውልቆ ለአንድ ልጅ አስያዘና መሐል ገብቶ ጀርባውን ለሰው ሁሉ ሰጥቶ ቆመ። ሳምንት ሙሉ ሳይታጠብ የለበሰው ሸሚዝ ነው። ጋሪ ሲነዳ ሰው ከኋላው እያየው ምን ይለው እንደ ነበር እግዜር ያውቃል።

ኃይለመስቀል ከሰው ጀርባ ኮቱን ለብሶ ቆሟል። ሊያደርገው ነበር የመጣው። ሌሊቱን ሲያስበው ቀላል ነበር፤ አሥር እርምጃ ነው። አሁን ግን አሥሩ እርምጃ የሰው ዓይን መሐል የሚያልፍ ሆነበት። ስወጣ «ሳምንት ሙሉ ምን ሲጠብቅ ነበር?» ይሉኛል፤ ኮቱን ሳወልቅ ያዩኛል እያለ ቆመ። አንድ ሰው ቢገፋኝ ብሎ ተመኘ። አጠገቡ የቆመው፣ ከታጋዮቹ አንዱ የሆነው አስናቀ ወደ ጆሮው ጠጋ ብሎ አፉን ከፈተ፤ ወዲያው አቶ ወልደጻድቅ አዩትና አፉን ዘጋ። ሕግ ነው።

ፀሐይዋ ወደ ዝዋይ በኩል አዘቀዘቀች። ጉቱ በመጨረሻ ጋቢውን ተቀብሎ ለበሰ።

«በሉ ደኅና አምሹ» አለ፤ ለማንም ሳይሆን ለሁሉም።

ኃይለመስቀል ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ወደ ጉቱ ቤት ሄደ። በመጀመሪያው ከአጥሩ ተመለሰ። በሁለተኛው የጉቱን እናት፣ ሰው በኦሮምኛ አክብሮት አደ የሚላቸውን ራቢያን፣ ደጅ ገብስ ሲያሰጡ አገኛቸው። አማርኛ ይናገራሉ፤ ግን ቃሉን አንድ በአንድ እንደሚለቅሙ ሆነው ነው።

«ጉቱ የለም። ኦጎልቾ ወረደ፣ አጎቱ ጋ። ሁሴኖ ጋ።»

«መቼ ይመለሳል፣ አደ?»

«ፈረሱን ይዞ ነው የሄደው» አሉ። ዓይናቸው ኮቱ ላይ አረፈ። «ጥሩ ኮት ነው። ይሞቃል?»

«አዎ» አለና አፈረ።

ያን ዓመት ክረምቱ ከልክ በላይ ዘነበ። መስከረም ሲጠባ ከቆላው ወሬ ይመጣ ጀመር። ወባ ገባ ተባለ፤ ቤት ሙሉ ሰው ተኝቶ ውኃ የሚያቀብል ጠፋ ተባለ። ወፍጮ ቤት እህል ይዘው የሚመጡ የቆላ ሰዎች እያነሱ ሄዱ። ጥቅምት ላይ አንዱ ነጋዴ «ያ ጋሪ ነጂ ጉቱም ተኝቷል» ብሎ አወራ። ኃይለመስቀል በማግስቱ ኮቱን ቤቱ ትቶ በእግሩ ወረደ።

መንገዱ ሁሉ ቁልቁለት ነው። እየወረደ በሄደ ቁጥር ሙቀቱ ጨመረ፤ የበሰለ በቆሎ ሳይሰበሰብ ቆሟል፤ በየደጁ ጋቢ የተከናነቡ ሰዎች በቀትር ፀሐይ ይንቀጠቀጣሉ። ከሁሴኖ ቤት ሲደርስ ሁሴኖን ራሳቸውን ግድግዳ ተደግፈው ነው ያገኛቸው። በእጃቸው ወደ ውስጥ አመለከቱት።

ጉቱ ቁርበት ላይ ተጋድሟል። ያ ወገብ የት እንደ ገባ አይታወቅም። ዓይኑን ገልጦ አየው።

«መጣሁ ብለህ ሄድክ» አለ። «ዘጠኝ ወር ፈጀብህ። መንገዱ ጭቃ ነበር?»

ኃይለመስቀል ተንበረከከ። «ጉቱ፣ ጀርባህን ስጠኝ።»

«ምን ልታደርገው?»

«ታውቀዋለህ።»

ጉቱ ለመሣቅ ሞከረና ሳል ያዘው። «አመዱ የታለ? ላብ ወሰደው። ስንት ጊዜ አልቦኝ ስንት ጊዜ ደረቅሁ መሰለህ።»

«ቢሆንም።»

«አይሆንም፣ ኃይሌ። እዚህ የሚያየን ማነው? ሁሴኖ? እሱ እንኳን እኔን የራሱንም እግር አያይም።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «ሰው ፊት ነው የወደቅሁት። ሰው ፊት ታራግፍልኛለህ። ጥር ላይ እወጣለሁ። አመዱንም እኔው ነኝ የማመጣው፤ ተራው የእናቴ ምድጃ ነው። አዲስ አመድ ላይ እተኛልህና ታራግፈዋለህ። አቶ ወልደጻድቅን እኔ እለምናቸዋለሁ።»

«ትወጣለህ?»

«ፈረሱ መንገዱን ያውቀዋል።»

ኃይለመስቀል ሁለት ቀን ውኃ ሲያቀብል ሰነበተ። በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ ቀለል ሲለው ጉቱ ራሱ «ሂድ፣ ወፍጮህ ይቆማል» ብሎ ሰደደው። ሲወጣ ጉቱ በጀርባው ተኝቶ ነበር። ዳገቱን ሲወጣ ቢያንስ ያን ጊዜ ወደ ግድግዳው አዙሬው ጀርባውን ባራገፍኩለት ኖሮ እያለ አሰበ፤ ግን ተስፋ ነበረውና ጥርን ቆጠረ።

ኅዳር አጋማሽ ላይ ጉቱ ሞተ። እዚያው ኦጎልቾ ቀበሩት። ወሬው አሰላ የደረሰው በአራተኛው ቀን ነው፤ ፈረሱ ግን ጋሪውን ጥሎ ከዚያ በፊት ብቻውን የጉቱ እናት ደጅ መጥቶ ቆሞ ነበር አሉ።

የሃምሳ አንድ ጥር ደረሰ። ማኅበሩ በዚያ ዓመት ይታገል ይቅር ተብሎ ተመከረ፤ ከቆላም ከደጋም ብዙ ቤት ሐዘን ነበር። አቶ ወልደጻድቅ «ይቅር ካልን ዱላው ይመለሳል» አሉና እንዲታገል ተወሰነ። አመዱን ግን ማን እንደሚያመጣ ማንም አልተናገረም። አስናቀ ከቤቱ በጆንያ ሊያመጣ ተዘጋጅቶ ነበር።

ሰው ክብ ሠርቶ ሲቆም አደ ራቢያ ከታች በኩል መጡ። ጥቁር ለብሰዋል። ራሳቸው ላይ ቁና ተሸክመዋል። ክቡ ተከፈተላቸው። ቁናውን አወረዱና ጎንበስ ብለው አመዱን በእጃቸው እየዘገኑ ከዳር እስከ ዳር ነሰነሱት፤ ማንንም አላዩም። በርጩማ ቀረበላቸው። አልተቀመጡም። ባዶውን ቁና ይዘው ቆሙ።

ያለፈው ዓመት አሸናፊ መጀመሪያ ይገባል። ኃይለመስቀል ኮቱን አውልቆ ሣሩ ላይ አኖረውና ገባ። አስናቀ ሊገጥመው እጁን ዘርግቶ መጣ። ኃይለመስቀል እጁን አልሰጠውም። ተቀመጠ፤ ከዚያም በጀርባው አመዱ ላይ ተጋደመ።

«ሳይነካው ወደቀ» ብሎ አንድ ልጅ ሣቀ። ሌሎችም ሣቁ። ሣቁ ብዙ አልቆየም።

ተነሣና ጀርባውን ለሰው ሰጠ፤ ጉቱ የቆመበት ቦታ ላይ፣ ጉቱ እንደ ቆመው። አስናቀ ወደ ኋላ አፈገፈገ። «እኔ አልነካሁትም» አለ ቀስ ብሎ። አቶ ወልደጻድቅ በከዘራቸው ተደግፈው ተነሡ፤ ወደ እሱ ሦስት አራት እርምጃ ተራመዱ፤ እጃቸውን አነሡ። ከዚያ እጃቸው ወረደ።

«የሚያራግፈው የጣለው ነው» አሉ። ድምፃቸው የተለመደው ድምፅ አልነበረም።

የሰው ዓይን ሁሉ ወደ አደ ራቢያ ዞረ። ኃይለመስቀል አላየም፤ ግን የእግራቸውን ኮቴ ሰማ። መጥተው ከኋላው ቆሙ። ልብሳቸው ጭስ ጭስ ይላል። ያ እጅ አሁን ትከሻዬ ላይ ያርፋል ብሎ ዓይኑን ጨፈነ።

«እኔ አልጣልኩህም፣ ልጄ» አሉት።

ቁጣ አልነበረበትም። ቁናቸውን ብብታቸው ሥር አድርገው በመጡበት በኩል ሄዱ።  አቶ ወልደጻድቅም በዚያ ቀን ትግል የለም ብለው ሰውን በተኑ። ኮቱ ሣሩ ላይ ቀረ፤ ማን እንዳነሣው አልታወቀም።

ሰኞ ጧት ኃይለመስቀል እንደ ልማዱ ወፍጮውን አስነሣ። እህል ያስፈጩ የነበሩት ወይዘሮ አፀደ ጆንያቸውን ሊያስርላቸው ሲያጎነብስ ጀርባውን አዩና እጃቸውን ዘረጉ።

«ውይ ልጄ፣ ዱቄት ቦኖብሃል። ና ላራግፍልህ።»

ኃይለመስቀል ቀና ብሎ ጀርባውን ወደ ግድግዳው ሰጠ።

«ይተዉት፣ እናቴ» አለ። «ተመልሶ ይቀመጣል።»