አምስተኛው ክብ

ዘመኑ ሰባ ሰባት ነው። ማገዶ ቆጣቢውን የሸክላ ምድጃ የሚያጠናው ክፍል ኃላፊ ዶክተር የዓለምወርቅ ሰሌዳው ላይ አምስት ክብ ሳሉና በቀስት አያያዟቸው። ምድጃው የሚነካቸው ሰዎች ናቸው፦ የቤት እመቤቷ፣ ከእንጦጦ እንጨት ተሸክማ የምትወርደው ሴት፣ የደን ጠባቂው፣ ቀበሌው፣ ሸክላ ሠሪዋ። «አንዱን ስትነኩ አምስቱም ይነቃነቃሉ» አሉ። «ስለዚህ የእያንዳንዱን ሐሳብ ከራሱ አፍ ስሙ።»

አምስተኛው ክብ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ለክፍሉ ባልደረባ ለታረቀኝ ደረሰው። ምን ዓይነት ዕጣ ነው! ታረቀኝ የቀጨኔ ሸክላ ሠሪ ልጅ ነው፤ እናቱ አፀደ ጀበናና ድስት ሠርታ ነው ያስተማረችው። መሥሪያ ቤቱ ግን ይህን አያውቅም። ቢያውቁ «ቡዳ ነው» ብለው ምሳ አብሮት የሚበላ እንዳይጠፋ ይፈራል። አብዮቱ ሁሉን በአዋጅ እኩል ቢያደርግም፣ የምሳ ጠረጴዛው አዋጁን ገና አላነበበም። በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት «እናቴ ፈረስ ናት» አለች፤ ታረቀኝ ደግሞ እናትህስ ሲሉት የሰላሌውን አባቱን ያነሳል።

መጠየቂያ ወረቀት ይዞ ቀጨኔ ቢታይ፣ አንዷ «የአፀደ ልጅ!» ብላ መጣራቷ አይቀርም። ስለዚህ አልሄደም። ቢሮው ቁጭ ብሎ የአሥራ ሁለት ሴቶችን መልስ ከራሱ አመንጭቶ ጻፈ፦ ሸክላ ሠሪዎቹ ክፍሉ ባወጣው የምድጃ ሥዕል ተስማምተዋል፤ አስተያየት የላቸውም።

የሸክላ ሠሪዎቹ ማኅበር በሥዕሉ መሠረት መቶ ምድጃ ሠርቶ አስረከበ፤ ለየቤቱም ታደለ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሰባው ተሰነጠቀ። ዶክተሯ ተናደው፣ ታረቀኝን አስከትለው ቀጨኔ ወጡ። ማኅበሩ ደጃፍ ላይ ከጎረቤቷ ጋር ተቀምጣ ጭቃ የምታሸው ሴት እናቱ ነበረች።

አፀደ ቀና ብላ ልጇን አየች፤ አጠገቡ ያሉትንም ሴት አየች። ፊቷ ሊፈካ ሲል መለሰችው።

«እንደምን ዋሉ፣ ጓድ?» አለችው። ገዛ ልጇን!

ዶክተሯ የተሰነጠቀ ምድጃ አሳዩዋት። አንድ ጊዜ በጣቷ ዳበስ አደረገችው።

«ከታች ወፍራም፣ ከአፉ ስስ ነው። ስሱ ቶሎ ይግላል፣ ወፍራሙ ይዘገያል፤ ሲጓተቱ ይሰነጠቃል። ገና ሥዕሉን ስናይ አውቀናል።»

«ታዲያ ስትጠየቁ ለምን አልተናገራችሁም? አስተያየት የላቸውም ተብሎ ነው የተጻፈው!»

ጎረቤቷ «ማን መጥቶ...» ስትል አፀደ በክርኗ ጎሰመቻት።

«መጥተው ነበር፣ እመቤቴ። እኚህ ጓድ ጠይቀውናል። እኛ ነን ዝም ያልነው። ያልተማርን ሰዎች ነን፣ ፈራን።»

«በእናንተ ፍርሃት የስንቱ ልፋት ገደል ገባ!» ብለው ተቆጧት። አፀደ አንገቷን ደፍታ «ይቅርታ» አለች።

«ውሸቱ የኔ ነው፤ እናቴ ናት» የሚለው ቃል እስከ ታረቀኝ ምላስ ጫፍ መጣ፤ ዋጠው። ዕድሜውን ሙሉ ያፈረው በእሷ ነበር። አሁን ያፈረው በራሱ ነው፤ ያፈረውም ቆዳው እስኪቃጠል ድረስ ነው።

ላንድሮቨሩ ቁልቁለቱን ሲወርድ ዶክተሯ ቁጣቸው በረደ። ማስታወሻቸውን አወጡ።

«የነገረችን ነገር በስሟ መግባት አለበት፤ ዕውቀቱ የእሷ ነው። ማን ነበር ስሟ?»

ታረቀኝ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየ «አልጠየቅኳትም» አለ።