ሣጥኑ ላይ ይውጡ፣ ኢንጂነር

እናቴ ዞይላ በካያምቤ ከተማ የአበባ እርሻ አሥራ አራት ዓመት ጽጌረዳ ስትቆርጥ ኖራ ወገቧ እንቢ አለ። ለአለቃዋ ለኢንጂነር ፋውስቶ ልትነግረው ብትሄድ፣ ማሸጊያው አዳራሽ ውስጥ የአበባ ሣጥን ገልብጦ እላዩ ላይ አቆማት።

«የወገብ ሕመም የሚባል ነገር የለም! ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?» ብሎ ሠራተኛውን ጠየቀ።

ለእንጀራቸው የፈሩ ሁሉ «ሰበብ!» ብለው ጮኹ። ከሣጥኑ ስትወርድ እጁን የሰጣት አልነበረም። በሳምንቱ ተባረረች።

ያኔ የፊዚዮቴራፒ ተማሪ ነበርኩ። አልጋ ላይ ልትውል ፈለገች፤ አልፈቀድኩም። መጀመሪያ አሥር ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ፣ ቀጥሎ ሃያ፣ ከዚያ በየማለዳው በከተማው አደባባይ በሙዚቃ የታጀበ ስፖርት።

«አንቺ ልጅ፣ ልትገድዪኝ ነው!»

«መጀመሪያ ላብሽ ይውረድ፣ ማሚ። መሞቱ ይደርሳል።»

በስምንተኛው ወር ጎንበስ ብላ የጫማዋን ክር አሰረች። ያዩ ሴቶች ተከተሏት። ዛሬ ስልሳ ነን፤ ግማሾቹ የዚያው እርሻ ሠራተኞች ናቸው። እኔ ለሁሉም እንድታይ የአበባ ሣጥን ላይ ቆሜ እመራለሁ። ደንባችን አንድ ነው፦ አዲስ የመጣ ሰው በመጀመሪያ ቀኑ ሣጥኑ ላይ ወጥቶ ስሙንና የሚያመውን ይናገራል።

ባለፈው ማክሰኞ ፋውስቶ ወገቡን በሁለት እጁ ደግፎ መጣ።

«ሐኪም ነው የላከኝ፤ ካልተንቀሳቀስክ አይሻልህም አለኝ» አለ። እኔን አላወቀኝም።

ፈጣኑን ዘፈን ከፍቼ ባዘልለው ሁለት ሳምንት አልጋ ላይ እንደሚውል አውቃለሁ። እጄ ማጫወቻው ላይ ነበር። እናቴ ከፊተኛው ረድፍ «ተይ» በሚል ራሷን ነቀነቀች፤ ከዚያ በአገጯ ሣጥኑን አሳየችኝ።

ወረድኩለት። «ሣጥኑ ላይ ይውጡ፣ ኢንጂነር።»

እያቃሰተ ወጣ። «ፋውስቶ እባላለሁ። ወገቤን... በጣም ያመኛል።»

እናቴ ድምፅዋን ሳታነሣ ጠየቀች፦ «ይሄ ምንድን ነው?»

«ሰበብ!» አሉ ስልሳ ሴቶች። ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ የጮኹት ከሁሉም በላይ ጮኹ።

«ኢንጂነር፣ ጽጌረዳ ቢቆርጡ ሳይሻልዎ አይቀርም!» አለች አንዷ ከኋላ፤ ሳቁ አደባባዩን ሞላው።

ፊቱ ቀላ። ሊወርድ ፈልጎ ወገቡ ያዘው፤ እጁን ዘረጋ። ማንም አልተቀበለውም። እኔም አልተቀበልኩትም። የሣጥኑን ጠርዝ ይዞ ቀስ እያለ ብቻውን ወረደ።

«ዛሬ አሥር ደቂቃ ብቻ ይራመድ» አለችኝ እናቴ። «እንዳይጎዳ። ለመዳን ስንት ጊዜ መምጣት አለበት?»

«በሳምንት አምስት ቀን፣ ቢያንስ ሦስት ወር።»

ፋውስቶን ከእግር እስከ ራሱ አየችው።

«ጥሩ። እስኪድን ድረስ በየቀኑ እንደ አዲስ ይቆጠር።»