የአባትና የልጅ ገና

"ጥንጉን ልቀቅ!" ሲል አሻግሬ ጮኸ። ልጁ ያርጋል ግን ኳሱን በብትሩ እየገፋ፣ እየሳቀ በጎኑ ሾልኮ አለፈ።

የደባርቅ ሜዳ ጢም ብሏል። ቀበሌው አባቶችን ከልጆቻቸው ጋር ለስፖርት በጠራ ጊዜ መጀመሪያ ዝር ያለ ሰው አልነበረም። ሲያርስ የከረመ ወገብ እጅ ወደ ላይ፣ እጅ ወደ ታች ሲባል ይስቃል እንጂ ይታዘዛል? ኋላ አንድ ብልጥ የኮሚቴ ሰው "እንግዲያው ገና ይጫወቱ" አለ። የገና በዓል ካለፈ በኋላም አባት ሁሉ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ብትሩን ይዞ፣ ልጁን አስከትሎ ይመጣ ጀመር። አሻግሬም እሑድን ይናፍቅ ነበር። የትልቁ ልጁ የአለነ መርዶ ከጦር ሜዳ ከመጣ ወዲህ ያርጋል ሲስቅ የሚያየው እዚህ ብቻ ነው።

ዛሬ ግን የቀበሌው ሊቀመንበር ከአንድ መቶ አለቃ ጋር ዳር ቆሞ፣ ጠንከር ጠንከር ያለውን ልጅ በጣቱ እያመለከተ ያሳያል። ለብሔራዊ ውትድርና የሚሄዱት እየተመረጡ መሆኑን ለማወቅ ነጋሪ አላስፈለገም።

አሻግሬ ልጁን ተጠጋው። "ውደቅ። ደከመኝ በል።"

"አገር እያየኝ? አባባ፣ መሸነፍህን እመን!"

"ያ ባለ ቀይ ሹራብ የማን ነው?" አለ መቶ አለቃው።

"የአሻግሬ። ዕድሜውም ደርሷል" አለ ሊቀመንበሩ።

አሻግሬ ሰማ። "በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ" ይባላልና እግር ቢሰበር ከሳሽም ዳኛም የለም። ያርጋል ጥንጉን ሊመታ ሲያጎነብስ ብትሩን አነሣ፤ ጥንጉን ትቶ ቅልጥሙን መታው።

እቤት፣ ወጌሻው አያ ላቀው መደብ ላይ የተኛውን ልጅ እግር በቀስታ ዳሰሱ። እናቱ በለጠች ራስጌው ተቀምጣ ታለቅሳለች።

"አጥንቱ ለሁለት ተሰብሯል። ግን ስቤ ባቀናው ለሰኔ እንደ ሚዳቋ ይዘላል" አሉ።

"ባይሳብስ?" አለ አሻግሬ።

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩት። "ያነክሳላ! ዕድሜ ልኩን።"

"አባባን እንዳትቆጡት፣ አያ ላቀው" አለ ያርጋል ጥርሱን ነክሶ። "ጥንጉን ብሎ ስቶ ነው። ብቻ ቶሎ አቅኑልኝ፤ ጨዋታው እንዳያመልጠኝ።"

የአሻግሬ ዓይን እንባ ሞላ።

"በል፣ ትከሻውን ጠበቅ አርገህ ያዝልኝ" አሉ ወጌሻው።

አሻግሬ አልያዘም። ከልጁ አጠገብ ተንበረከከ።

"ስቼ አይደለም፣ ልጄ" አለው። ቀጥሎም ወደ ሽማግሌው ዞሮ፣ "አይሳብ። እንዳለ እሰሩት" አለ።

ያርጋል አባቱን ትክ ብሎ አየው፤ ከዚያ ወደ እናቱ ዞረ። በለጠች እንባዋን በነጠላዋ ጠረገችና፣ ልጇን ሳታይ፣ የስብራት ማሰሪያውን መቃ አንሥታ ለአያ ላቀው አቀበለቻቸው።