ከመድፉ የተነቀለው መርፌ

ለንደን ውስጥ ወንድይራድ ቅዳሜ ቅዳሜ ከባተርሲ ተነስቶ ፊንስበሪ ፓርክ፣ አህመዲን ጋራዥ ይሄዳል። ጋራዡ ከሐዲድ ሥር ነው፤ ባቡር ባለፈ ቁጥር መደርደሪያው ይንቀጫቀጫል። አህመዲን የአሮጌ ወታደራዊ ተሽከርካሪ ዕቃ እየገዛ ለሰብሳቢዎች ይሸጣል። ምንነቱ ያልታወቀ ብረት ሲገጥመው ለወንድይራድ ያስቀምጥለታል። ሁለቱም ሰሜን ግንባር፣ አንድ ብርጌድ ውስጥ ነበሩ፤ አህመዲን የጭነት መኪና ሾፌር፣ ወንድይራድ የታንክ መካኒክ።

ያን ቅዳሜ ወንድይራድ አንድ ጥርሱ የረገፈ ማርሽ እያገላበጠ ሳለ እታለማሁ ገባች። ጥቁር ለብሳለች። ሲያያት ፊቱ ጠቆረ። የሀብተ ማርያም ሚስት ነበረች።

ሀብተ ማርያም የታንክ አዛዥ ነበር። ጦሩ ባፈገፈገ ቀን ታንኩን ጥሎ ወጣ፤ በማግስቱ ያው ታንክ በጠላት እጅ ሆኖ ተኮሰባቸው። የወንድይራድ የልብ ጓደኛ ባዩ በዚያ ጥይት ሞተ። በሱዳን አድርገው ለንደን ከተሰደዱ በኋላ ሀብተ ማርያምን «ታንክ ሸላሚው» ብሎ ስም ያወጣለት አህመዲን ነው። ወንድይራድ ስም አላወጣለትም፤ ሰላም ብሎትም አያውቅም። ባለፈው ወር ሲሞት ከቀድሞ ወታደሮች ለቅሶ የደረሰ አንድም ሰው አልነበረም።

«ለቅሶ አልደረሳችሁም ብዬ ልወቅስ አልመጣሁም» አለች እታለማሁ እንደቆመች። «ጋሽ ወንድይራድ፣ ይህን ይዩልኝ።»

ከሻርፕ ውስጥ የጣት ያህል ብረት ፈታች።

«ከሱዳን ጀምሮ ይዞት የኖረ ነው። ምንድን ነው ስለው ብረት ነው ይለኛል፤ ሌላ ቃል የለውም። ልጄ ማህደር አባቷ ከሀዲ ሲባል ሰምታ መጣች። እሁድ አርባው ነው። ከዚያ በፊት እውነቱን ልንገራት።»

አህመዲን አንገቱን አሰገገ። «ፎቶ አንስቼ ኢንተርኔት ላይ ቼክ ላድርገው?»

«ኢንተርኔቱ ግንባር ነበረ?» አለ ወንድይራድ። ብረቱን ገና ሲጨብጠው አውቆታል። «የታንክ መድፍ መርፌ ነው። ጥይቱን ከኋላ የሚመታው።»

«አይ ታንክ ሸላሚው!» አህመዲን ሳቀ። «ታንኩን ሰጥቶ ከሳጥን መለዋወጫ መርፌ ሰረቀ? ለማስታወሻ?»

«አንተ ሰውዬ፣ አፍህን ያዝ!»

ወንድይራድ ብረቱን በጨርቅ ወልውሎ መብራቱ ሥር አስጠጋው። ሳጥን ውስጥ የኖረ መለዋወጫ መርፌ ጫፉ ለስላሳ ነው። የዚህኛው ጫፍ እሳት በልቶታል፤ ተቦርቡሯል። ብዙ ጥይት መትቷል። ወንድይራድ ብረቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

«ከሳጥን የወጣ አይደለም። ከመድፉ የተነቀለ ነው።»

«እና?» አለች።

«ታንክ ጥሎ የሚወጣ ሰው የመድፉን መርፌ ነቅሎ ይወስዳል። ጠላት እንዳይተኩስበት። ባልሽ ነቅሏል። ታንኩን ለማንም አልሰጠም።»

እታለማሁ ዓይኗ እንባ ሞላ። «ተመስገን…»

«ቆይ! አልጨረስኩም።» ወንድይራድ ጠረጴዛውን በቡጢ መታው። «ደንቡ ሁለቱንም መውሰድ ነው! ከመፍቻ ሳጥኑ ውስጥ በግራሶ የተጠቀለለ ሁለተኛ መርፌ አለ። ይሄን ነቅሎ ያንን ረሳው። እነሱ ሳጥኑን ከፈቱ፣ መርፌውን አገኙ፣ ገጠሙ፣ ተኮሱ። ባዩ የሞተው በዚያ ነው። ሳጥን መክፈት ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል? ምን ያህል!»

ባቡር አለፈ። መደርደሪያው ተንቀጫቀጨ።

«ለዚህ ነው ዝም ያለው» አለች እታለማሁ ቀስ ብላ። «አልካድኩም ቢል ባዩን ማን ገደለው ሊባል ነው።»

አህመዲን ዓይኑን ከመሬት አላነሳም። «ወንድይራድ፣ የሳጥኑ ነገር ይቅር። ሰውየው ሞቷል። እሁድ ሄደን መርፌውን ነቅሏል እንበልና ይብቃ።»

«ትናንት ከሀዲ ነው ስትል አፍህ አልደከመም፤ ዛሬ ደግሞ ግማሹን ደብቀህ ልታጸድቀው?» ወንድይራድ ቱግ አለ። «ባዩም ሞቷል! እሁድ እመጣለሁ፤ የጦሩን ልጆች ሁሉ ሰብስበህ ታመጣቸዋለህ። ከሀዲ አልነበረም እላለሁ። ሳጥኑን ረስቶ ሰው አስጨርሷል እላለሁ። ሁለቱንም።»

«ልጅቷ ፊት?» አለ አህመዲን።

«ልጅቷ ፊት።»

እታለማሁ ብረቱን አንስታ በሻርፑ ጠቀለለች። እንባዋ ደርቋል፤ አሁን የተቆጣችው እሷ ናት።

«ይምጡ። ሁለቱንም ይናገሩ፣ አልከለክልዎትም። እሱ ኬንቲሽ ታውን፣ እርስዎ ባተርሲ፤ አንድ ከተማ ውስጥ አረጃችሁ። አንድ ቀን ጠርተውት እንዴት ሆነ ቢሉት ኖሮ ይነግርዎት ነበር። ይህንን ደግሞ እኔ እናገራለሁ፤ ሰው ሁሉ ፊት።»

ወንድይራድ ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ጣለው።

«ተናገሪ» አላት።

አህመዲን ወንበር አቀረበላት። እሷ ግን በሩን ከፍታ ወጣች።