ወይዘሮ ልረፍ

«ግፊት ነው የገደላት ትላላችሁ፤ ግን ጨው ታበዛ ነበር እንዴ?» አለች በሩ አጠገብ የተቀመጠችው የሰፈሩ ክሊኒክ ነርስ። «እኔ ራሴ ስንቴ ክንዷን አስሬ ለካኋት። ግፊቷ የልጅ ግፊት ነበር እኮ!»

ባልየው ካቀረቀረበት ቀና አለ። ቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ ሚስቱን ከቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ በሦስቱ ቀን ያልሰማው ምክንያት የለም። አንዱ አስም ነው ይላል፤ አንዷ ደግሞ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ጭንቀታም ነበረች» ትላለች። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው።

«ሲስተር፣ የለካሽው ሌላ ነው» አላት። «የእሷ ግፊት ሳንባዋ ውስጥ ነበር። ከልብ ወደ ሳንባ ደም የሚወስዱት ሥሮች ጠበቡ። የክንድ መለኪያ ያንን አያይም። ምድር ቤት ያለውን ቧንቧ ለክተሽ ስለ አራተኛ ፎቅ ታወሪያለሽ?»

«እንዲህ ያለ በሽታ ሰምቼም አላውቅ።»

«እሱን ነው የምልሽ!»

ታላቅ እህቱ ትከሻውን ያዝ አድርጋ «ተው ወንድሜ፣ ልታጽናናህ ነው የመጣችው» አለችው። ተወ። ንዴቱ በነርሷ ላይ ብቻ ቢሆን ምንኛ በቀለለው!

ሚስቱ ቀኑን ሙሉ ቆማ የሰው ሸሚዝ ስትተኩስ የምትውል፣ ቀልድ የማያልቅባት ሴት ነበረች። ቤታቸው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከስድስት ዓመት ገደማ በፊት ደረጃው መሀል መቆም ጀመረች። «አንዴ ልረፍ» ትልና ቦርሳዋን ታስቀምጣለች። መጀመሪያ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ነበር፤ ቆይቶ ሁለተኛው ላይ፤ በኋላማ ገና ከመጀመሪያው። አንድ ቀን እሱ ከላይ ሆኖ፣ ጎረቤት እየሰማ፣ «ወይዘሮ ልረፍ፣ ዛሬ ትደርሺ ይሆን?» ብሎ ጮኸ። ሕንፃው ሳቀ። እሷም በተቆራረጠ ትንፋሽ ሳቀች። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም፤ ስሙ በየፎቁ ተዳረሰ፣ ሕፃናት ሳይቀሩ ጠሯት።

ክሊኒኩ የአስም መድኃኒት ሰጣት፤ እየሳበች ከረመች። ሌላው የደም ማነስ ነው አለ። አንዱ «ሐሳብ አታብዢ» ብሎ መለሳት። ባልየው የግፊት መለኪያ ገዛ። በደከማት ቁጥር ክንዷን ያስርና ቁጥሩን ያሳያታል፦ «ይኸው! ከእኔ ትሻያለሽ። ስንፍና ነው እንጂ ምንም አልሆንሽም።» የውሃ ግፊት የሚለካው የታፈነው ቦታ ላይ ነው እያለ ለደንበኛው ሁሉ ሃያ ዓመት ሲሰብክ የኖረ ሰው!

ሆስፒታል፣ አንዲት የልብ ሐኪም ዘንድ የደረሱት እግሯ አብጦ፣ ሥራ ቦታዋ ራሷን ስታ ከወደቀች በኋላ ነው። ሐኪሟ ልቧን በአልትራሳውንድ አየች። ቀጥላ በአንገቷ ደም ሥር ቀጭን ቱቦ እስከ ልቧ አስገብታ ግፊቱን እዚያው ለካችው።

«ብዙ ሰው ላይ የማይታይ በሽታ ስለሆነ ሐኪምም ቶሎ አያስበውም» አለቻቸው። «ቀኙ የልብሽ ክፍል የጠበበውን ሥር ሲገፋ ሲገፋ ደክሟል። መድኃኒቱ ያግዘዋል እንጂ ፈጽሞ አያድነውም። ቀደም ብላችሁ ብትመጡ...» አልጨረሰችውም።

ከዚያ በኋላ ስምንት ወር ኖረች። በሽታው አንዳንዴ በዘር ስለሚሄድ ሐኪሟ ልጃቸውንም ለምርመራ ቀጥራት ነበር። ቀጠሮው ዛሬ ከሰዓት በኋላ ነው።

ልጅቷ ለእንግዶች ወንበር ተሸክማ ከታች መጣች። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። በሩ ላይ ስትደርስ ወንበሩን ጣል አድርጋ ግድግዳውን ተደገፈች፤ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

«ቁጭ በይ የኔ እናት» አለች አክስቷ። «ሐዘን ነው። ሐዘን እንዲህ ያደርጋል።»

የአባትየው ደም ፈላ። «ጫማሽን አድርጊ፣ እንሄዳለን።»

«የት?» እህቱ ተነሣች። «ሰው ቤት ሙሉ ተቀምጦ? ሰው ምን ይላል? ለሚመጣው ሳምንት ይዛወርላችሁ።»

«ሰውማ የሚለውን ብሏል፣ እትዬ! አምስት ዓመት ሙሉ ሲል ነበር። እኔም ስል ነበር! ያንን ስም ያወጣሁላት እኔ አይደለሁም? ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ይህችን ደግሞ ሐዘን ነው እያላችሁ አታስቀብሩኝም!»

ነርሷ ብድግ ብላ በሩን ከፈተችላቸው።

ሆስፒታሉ ከቤታቸው ሁለት ፌርማታ ነው። ሐኪሟ «ያጽናችሁ» ብላ ልጅቷን ወደ መጋረጃው ውስጥ አስገባችና መብራቱን አጠፋች። እሱ ከመጋረጃው ወዲህ ተቀመጠ። የልጁ ደም ድምፅ ከአልትራሳውንድ ማሽኑ ሹው ሹው እያለ ይሰማዋል።

«ቀኙ የልብሽ ክፍል አልሰፋም» አለች ሐኪሟ። «የግፊት ምልክት አይታየኝም። ድካምሽ እህልም እንቅልፍም ከማጣት ነው። በየዓመቱ ግን ትመጫለሽ።»

ልጅቷ ተነሥታ አለቀሰች።

«አለቀ?» አለ አባቷ።

«አለቀ።»

የግድግዳውን ሰዓት አየ። «ሃያ ደቂቃ?»

«አንዳንዴም ከዚያ ያንሳል።»

ፈጣሪውን አመሰገነ፤ ከልቡ ነው ያመሰገነው። ግን ሃያ ደቂቃ! ያቺ ሴት አምስት ዓመት ሙሉ ጠዋትና ማታ ለሥራዋ በዚህ ሆስፒታል በር በአውቶቡስ ስታልፍ ኖራለች። የሚጮህበት ሰው ፈለገና አጣ።

«አባዬ፣ እንሂድ» አለችው ልጁ።

ተነሣ፤ ወደ በሩ ግን አልሄደም። መጋረጃውን ገለጥ አድርጎ ማሽኑ ጎን ላይ መዳፉን አሳረፈ። ገና ትኩስ ነበር። ሐኪሟ መብራቱን ልታበራ እጇን ሰደደችና መለሰችው። እሱም እጁን አላነሣም።