ከቨርና መሳቢያ የጠፋው ቴምብር

«እኔ አልጨረስኩትም» አለች ቨርና ካፖርቷን እንኳ ሳታወልቅ። «አርባ ነበር፤ እኔ የወሰድኩት አሥራ አምስት ብቻ ነው።»

የእንጨት መሰንጠቂያው ባለቤት ሬይኖ ሃርጁ ግራ ገባው። «ምኑን?»

«ቴምብሩን ነዋ። በፖስታ ስለላክሽው ነገር እንነጋገር አላልክም?»

«ስለ ቴምብር ማን ጠየቀሽ? እኔ የምለው ስለ ግብር ቅጾቹ ነው።»

በቨርና ወንበር ላይ የተቀመጠው የሬይኖ ሚስት የእህት ልጅ ዴሪክ ነው። ከወር በፊት ኮምፒውተር ላስተካክል ብሎ መጣና ወንበሩ ተስማማው። ውጭ በረዶው መስኮት ሊደርስ ምንም አልቀረው፤ እሱ ግን ስስ የከተማ ጫማ አድርጎ ምንጣፉን ያረጥባል። በመጋቢት እንዲህ ተጫምቶ የሚመጣ ሰው ስለ ምንም ነገር ቢናገር፣ ቨርና ለመስማት አትቸኩልም።

«ወይዘሮ ቨርና» አለ ዴሪክ፣ መርፌ ሊወጋ እንደሚያባብል ሐኪም ድምፁን አለስልሶ፣ «ዘመኑ ተቀይሯል እኮ። ከአሥር ለሚበልጥ ሰው ቅጽ የሚሞላ በኮምፒውተር መላክ ግዴታው ነው። እርስዎ አሥራ አምስት በወረቀት ልከዋል። አጎቴን ጣጣ ውስጥ እየከተቱት ነው።»

አሥራ አምስቱ እውነት ነው። ቨርና የመሰንጠቂያውን ሒሳብ ከያዘች ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። በየዓመቱ ሠራተኞቹ ምሳ በሚበሉበት ጠረጴዛ ላይ የሬይኖንና የአሥራ አራቱን ሠራተኞች ቅጽ በሰማያዊ እስክሪብቶ ትሞላለች። አንዱ ወረቀቱን በቡና ጣሳ፣ ሌላው በአሮጌ ጓንት ውስጥ ጠቅጥቆ ያመጣላታል።

«ከሰኞ ጀምሮ ሥራውን ዴሪክ ይያዘው» አለ ሬይኖ ወደ መስኮቱ እያየ። «የአንቺን ነገር ደግሞ እናያለን።»

ሬይኖ «እናያለን» ያለው መጋዝ ሁሉ ጓሮ ውስጥ በረዶ ሥር ዝጎ ቀርቷል። ቨርና ይህን ታውቃለች። ጓንቷን በየጣቱ እየሳበች አወለቀችና ዴሪክን ከጫማው ጀምራ ወደ ላይ አየችው።

«ደንቡን አንብበኸዋል?»

«ስልኬ ላይ አለ።»

«ስልክህማ ያንብበው። አንተን ነው የጠየቅኩህ።»

«ዋና ዋናውን አንብቤያለሁ።»

ከመደርደሪያው ላይ የምሳ ቅባት የነካው የደንብ መጽሐፍ አወረደችና ገጹን ገልጣ አቀበለችው። «ከዚህ ጀምር። ጮክ በል፣ የአጎትህን ጆሮ መጋዝ ጨርሶታል።»

ዴሪክ ጮክ ብሎ ጀመረ። «በቋሚነት ተቀጥሮ የሚሠራ ሰው የአሠሪውን ወይም የአሠሪውን ሠራተኞች ቅጽ ቢሞላ...» ወደ መጨረሻው ድምፁ ሟሟ፤ «...እንደ ቅጽ አዘጋጅ አይቆጠርም።»

«ምን ማለት ነው?» አለ ሬይኖ።

«ግዴታው እኔን አይመለከትም ማለት ነው። የቀጠረኝን ቤት ሥራ ነው የሠራሁት። ደንቡ የወጣው እያስከፈለ ላገር ምድሩ ለሚሞላ ሰው ነው።»

ሬይኖ ቀስ ብሎ ወደ ዴሪክ ዞረ። «አንተ ለቦውሊንግ ጨዋታ ጓደኞችህ ስትሞላ አልነበር እንዴ? በየሃያ ዶላሩ?»

«ዘንድሮ ለሃያ ሦስት ሰው ሞላሁ» አለ ዴሪክ። ከአፉ ካመለጠው በኋላ ነው ኩራቱ ፊቱ ላይ የደረቀው።

«በኮምፒውተር ልከህ?» አለ ሬይኖ።

ዴሪክ ጫማውን አየ። ምንጣፉ ላይ የቀለጠው በረዶ ኩሬ ሠርቷል። «ያን ሰሞን መስመሩ ደካማ ነበር።»

«እና በምን ላክኸው?»

«በ... ፖስታ።»

«ሃያ ሦስት ፖስታ» አለ ሬይኖ። «ደግሞ በሃያ ሦስት ቴምብር።»

ቨርና መሳቢያዋን ስባ ወደ ውስጥ አየች።

«ሁለት ትቶልኛል» አለች።