ከኦቾሎ ቁልቁል

ሲቀላ መናኸሪያ የእኔን ወሬ በግማሽ ነው የሚቀበለው። ባለፈው ክረምት ነዳጅ ሲጠፋ፣ ሚኒባሴ በአዞ ስብ ትሄዳለች ስላልኩ ሁለት ሰዎች ጀሪካን አንጠልጥለው ጫሞ ሐይቅ ድረስ ወርደዋል። አዞው ግን አልተስማማም።

ኑኃሚን የኤሌክትሪክ ሚኒባሷን ያመጣች ቀን ግን እኔም ወሬ አጠረኝ። ጭስ የላት፣ ድምፅ የላት፤ መሄዷን የምታውቀው ዛፉ ወደ ኋላ ሲሸሽ ነው። ሴትዮዋ ለዚህች መኪና ስትል ማስተማሩን ትታለች። ተራ ካልተሰጣት በቃ፣ ግቢዋ ውስጥ ዶሮ ማሳደሪያ ልታደርጋት ነው።

ተራ አስከባሪው ጋሽ ሸዋንዳኝ ፈረደ፦ «ዛሬውኑ ኦቾሎ ተራራ ላይ ወጥታ ሳትጎተት ከተመለሰች ተራ ትገባለች። ምሥጋና፣ አብረሃት ሂድና እይ።»

እኔም ገመድ ይዤ ከተሳፋሪዎቹ ጋር ገባሁ።

«ገመዱ ለምንድን ነው?» አለችኝ።

«ለቀብሩ፣ ቲቸር።»

መብራት ጠፍቶ ስላደረ ባትሪው ሠላሳ በመቶ ብቻ ነበረው። የእኔዋ አሮጊት ሚኒባስ ሦስት ጊዜ ቆማ የምትተነፍስበትን አቀበት ይቺ ሽው ብላ ወጣችው። ቁጥሩ ግን ወረደ። ኦቾሎ ስንደርስ ስምንት። ተሳፋሪዎቹ ወረዱ፤ ገበያ ስላልነበረ የሚመለስ ሰው አልተገኘም። ገመዴን ዳበስ አደረግኩ።

«ቁልቁለቱን እኔ ልንዳላ!» አልኳት።

«ንዳ። ግን ቀስ!»

የመጀመሪያው ኩርባ ላይ የመንገዳችን ሾፌር ሁሉ የሚያደርገውን አደረግኩ፤ ማርሹን ፍሪ አድርጌ በራሷ እንድትንከባለል ለቀቅኳት። በእኛ አገር ቁልቁለት የሚያወርድህ እግዜር ነው፣ ነዳጅ አይደለም።

«ምን አደረግክ?» ጮኸች።

«እየቆጠብኩልሽ ነዋ!»

«እያባከንክብኝ ነው እንጂ! ማርሹን መልስ። እግርህን አንሳና ዝም ብለህ እይ።»

መለስኩ። መኪናዋ ከኋላዋ ሰው የያዛት ይመስል ረገብ አለች። ስምንት የነበረው ዘጠኝ ሆነ። ዓይኔን አሸሁ። አሥር!

«ኧረ ማነው የሚሞላት?»

«ቁልቁለቱ ነዋ። ጎማው ሞተሩን ያዞረዋል፣ ሞተሩ ደግሞ ለባትሪው መብራት ይመልስለታል። ፍሪ ስታደርገው ይህ ሁሉ ይቀራል።»

እኔ ሃያ ዓመት ያንን ቁልቁለት ወርጄ ያተረፍኩት የፍሬን ሽታ ብቻ! ግርጌው ላይ አሥራ ሁለት ደረሰች፤ ሜዳውን አቋርጠን ሲቀላ በአምስት በመቶ ገባን።

«ቁልቁለቱ ባትሪ ሞላ!» አልኩ ገና ሳልወርድ።

መናኸሪያው በሳቅ ፈረሰ።

«አዞው ነው የሞላላችሁ?»

«ማርያምን እውነቴን ነው!»

ጋሽ ሸዋንዳኝ አልሳቀም፤ ገመዱን ነው ያየው። «ከተማው ጫፍ ድረስ ተጎትታችሁ ነው የፈታችሁት።»

ኑኃሚን ፊቷ ተለዋወጠ። የእኔ ቀልድ ሊቀብራት ነው። ወደ መቃብሬ ይዤው ልገባ ያሰብኩትን ነገር አወጣሁት።

«እሺ፣ ስሙ። ሊያስጎትታት የነበረው እኔ ነኝ። ቁልቁለቱ ላይ ፍሪ አደረግኳት፣ ጮኸችብኝ፣ መለስኩ። ከዚያ ነው መሙላት የጀመረችው።»

ሳቁ ቆመ። ሾፌሮቹ እርስ በርስ ተያዩ።

«የኤሌክትሪክ መኪና ፍሪ አደረግክ?» አለ ጋሽ ሸዋንዳኝ።

«አደረግኩ።»

«እኔም አደርገው ነበር።» እስክሪብቶውን አወጣ። «ይሄ ሰው ብዙ ዋሽቷል፤ ራሱን ጅል አድርጎ ግን ዋሽቶ አያውቅም። እውነት ነው።»

የተራ መዝገቡ ላይ ስሟን ከእኔ ስም በላይ ጻፈው።

ገመዱን ኑኃሚን ወሰደችው። በማግስቱ ነዳጅ ጨርሼ መንገድ ላይ ስቀር፣ አሮጊቴን እስከ ሲቀላ የጎተተችበት እሱ ነው። ይሄንን እንኳን ማመን ትችላላችሁ፤ መናኸሪያው ሁሉ እያጨበጨበ አይቶታል።